ከአከራያችን የተደበቀው ዋሌት

ባለቤቴ በሕይወቱ ከልቡ የሚፈራው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ አከራያችንን። ቀበሌው፣ ቆጣሪ አንባቢው፣ እናቴ እንኳ እንደ እሳቸው አያስደነግጡትም።

እውነት ለመናገር ፍርሃቱ ያለ ምክንያት አልነበረም። አቃቂ ግቢ ተከራይቶ የኖረ ሰው ያውቀዋል፤ የኪራይ ጭማሪ የሚሰላው በገበያ ዋጋ ሳይሆን ተከራዩ ይዞት በገባው ፌስታል ነው። ሥጋ ይዞ የታየ ሰው ወሩ ሳያልቅ «ኑሮ ተወደደ እኮ፣ ልጄ» የሚል ወግ ይመጣበታል። ስለዚህ እኛ ሥጋ የምናስገባው ከጎመን ሥር ደብቀን ነበር። አዲስ ጫማ የገዛሁ ዕለት ባለቤቴ ከባድ መኪኖቹ በሚያልፉበት መንገድ አቧራ ላይ አመላልሶኝ ነው ያስገባኝ። ጫማው ግቢ ሲገባ እኔ ራሴ አሮጌ መስሎኝ ነበር።

እኔ በዚያን ጊዜ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ሽመና ክፍል እሠራ ነበር። የጥጡ ብናኝ ደረቴ ውስጥ ቤት ሠርቶ ስለነበር ደረጃ ስወጣ እየሳልኩ እንደ አሮጌ ሎንቺና አቃስታለሁ። ጤና ጣቢያ ያለችው ሐኪም ጀርባዬን አዳምጣ፣ «ከዚህ ብናኝ ካልራቅሽ የምሰጥሽ መድኃኒት ማስታገሻ ብቻ ነው» አለችኝ። ከብናኙ መራቅ ጥሩ ሐሳብ ነው። ችግሩ ደመወዜም ያለው እዚያው ብናኙ ውስጥ መሆኑ ነው።

መውጫ ግን አገኘን። በሰቃ ገበያ ጨርቅ የሚሸጡ አንድ የስልጤ ሰው ያገለገለ የስፌት መኪና ነበራቸው። መኪናውን ከገዛሁ የሱቃቸውን ጥግ ሊሰጡኝ፣ እኔም የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋሁ ልኖር ተስማማን። ገንዘቡን የሚያመጣው ባለቤቴ ነው። ሥራው ከዕቃ ፎቶ ላይ ከዕቃው ኋላ የሚታየውን ቆርጦ ማውጣት ነው፤ የማናውቃቸው የውጭ ሰዎች የጫማና የሰዓት ፎቶ ይልኩለታል፣ እሱ አጽድቶ ይመልሳል። የሚከፍሉት ደግሞ በክሪፕቶ፣ ኢንተርኔት ላይ ብቻ ባለ ገንዘብ ነው። እስኪጠራቀም ድረስ ዋሌት ውስጥ ይቀመጣል።

ዋሌት ማለት እኔ እንደገባኝ ኢንተርኔት ላይ ያለ ቦርሳ ነው። ሲከፈት አሥራ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ይሰጣሉ። የይለፍ ቃል ቢጠፋ እንኳ እነዚያን ቃላት የያዘ ሰው ገንዘቡን ያዘ ማለት ነው። ባለቤቴ ቃላቱን ለእኔ እንኳ አልነገረኝም። እጅግ ጠንቃቃ ሰው ነው።

ጥንቃቄው የባሰበት በግቢው ዋይፋይ ምክንያት ነው። መስመሩን ያስገባው የአከራያችን ልጅ ነው፤ እኛም በየወሩ እየከፈልን እንጠቀማለን። ልጁ አንድ ቀን ቧንቧው ጋ ቆሞ፣ «ማን ምን እንደሚከፍት እኮ ቁጭ ብዬ ነው የማየው» አለ። ባለቤቴ የያዘው ጀሪካን ከእጁ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። በእሱ ሐሳብ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አከራያችን የዋሌታችንን ሒሳብ ሻይ እየጠጡ ያነቡታል።

በማግስቱ ማንነትን የሚደብቅ ብሮውዘር ጫነ። ምልክቱ ሽንኩርት ነው፤ ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ። እንዴት እንደሚሠራ ስጠይቀው ደረቱን ነፍቶ አስረዳኝ።

«ከእኔ የወጣው ነገር መጀመሪያ አንድ ሰው ኮምፒውተር ላይ ይሄዳል። እሱ ለሌላ ያቀብላል፣ ያ ደግሞ ለሦስተኛ። የዋሌቱን በር የሚያንኳኳልኝ ሦስተኛው ነው። ማን እንደላከው ግን አያውቅም።»

«ሦስተኛው ሰውዬ ማነው?»

«አይታወቅማ! ውበቱ እኮ እሱ ነው።»

እኔ ቃሊቲ መናኸሪያ ቆሜ ለማላውቀው ሰው ፌስታሌን እንኳ አላስይዝም። እሱ ግን የስፌት መኪናዬን ለማይታወቅ ሰው አስይዞ በውበቱ ይደነቃል። መሣሪያውን መጥፎ ነው አልልም፤ የሚሳደዱ ሰዎች ነፍሳቸውን ያተርፉበታል ይባላል። የእኔን ባል የሚያሳድደው ግን የኪራይ ጭማሪ ነበር።

ከዚያ በኋላ ባለቤቴ ከአልጋው ሳይነሳ ዓለምን ዞረ። አንድ ቀን ዋሌቱ «ከሮማኒያ ነው የገቡት፣ እርስዎ ነዎት?» ብሎ ጠየቀው። ስክሪኑን እያሳየኝ በደስታ ሳቀ።

«አየሽ? ሮማኒያ ነኝ!»

«ስትመለስ ዳቦ ይዘህ ና፣ አልቋል» አልኩት።

ሌላ ቀን ሆላንድ ሆነ፣ ሌላ ቀን ስሙን አንብቤ የማልጨርሰው አገር። እሱ በገባ ቁጥር ዋሌቱ ይደናገጣል። ኮድ ይልክበታል፣ የእግረኛ ማቋረጫ ያለበትን ሥዕል ምረጥ ይለዋል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ይዘጋበታል። ባለቤቴ ከአከራያችን በተደበቀ ቁጥር ለዋሌቱ እሱ እሱ መሆኑን ሲያስረዳ ይውላል። ቀስ በቀስ ለመደው። ማን ነህ ሲሉት እንደ ጎበዝ ተማሪ ፈጥኖ መመለስ ጀመረ።

ገንዘቡ ሲሞላ ለፈረቃ ኃላፊዬ በወሩ መጨረሻ ሥራ እንደምለቅ ነገርኳት። የነገርኳት ፈገግ ብዬ ነው፤ ፋብሪካ ውስጥ እንደዚያ ፈገግ ያልኩበት ሌላ ቀን አላስታውስም። ቅዳሜ ከሰዓት ባለቤቴ ገንዘቡን አውጥቶ ለሚመነዝርለት ሰው ሊልክ ተቀመጠ። እኔ ደጅ ልብስ አጥባለሁ።

ብሮውዘሩ መጀመሪያ ቀይ ማስጠንቀቂያ አወጣ። ይህ ገጽ ትክክለኛው ላይሆን ይችላል፣ መረጃዎ ሊሰረቅ ይችላል የሚል ነው። ባለቤቴ «ኢንተርኔት ሁልጊዜ ያለቃቅሳል» ብሎ አልፎት ገባ። ገጹ የለመደው ዋሌት ነው፤ ቀለሙም ጽሑፉም ያው። ከማያውቁት አገር ስለገቡ ማንነትዎን በአሥራ ሁለቱ ቃላት ያረጋግጡ አለው። እንግዲህ ለእኔ፣ ለሚስቱ፣ ያልነገረኝን ቃላት አንድ በአንድ እየለቀመ ጻፈላቸው። ገጹም ስለ ትብብሩ አመሰገነው።

በኋላ ራሱ አንብቦ እንደነገረኝ ገጹ የዋሌቱ አልነበረም። ያ ውብ የሆነው ሦስተኛ ሰውዬ መሀል ላይ ቆሞ የራሱን ገጽ አቅርቦለት ነው። ቀዩ ማስጠንቀቂያም ይህንኑ ሊነግረው ነበር። እጄን አድርቄ ስገባ ዋሌቱ ባዶ ነበር፤ ባለቤቴም ስልኩን እንደ ሕፃን አቅፎ ግድግዳውን ያያል።

ለዋሌቱ ኩባንያ ጻፈ። ትክክለኛዎቹ ቃላት ስለገቡ ገንዘቡን ያዛወሩት እርስዎ ነዎት ብለው መለሱለት። ያን ሁሉ ጊዜ እርስዎ ነዎት ወይ ሲሉት ከርመው ያመኑት ያን ቀን ነው። ፖሊስ ጋ እንሂድ ብዬም ነበር። ማንን ነው የምንከሰው? ሌባውም እንደ እሱ ተደብቋል፤ ያውም ከእሱ በተሻለ።

ባለቤቴ ከዚያ ወዲያ ከቤት አልወጣ ሲል አከራያችን በራችንን አንኳኩ።

«ልጄ፣ ባልሽ ምነው ጠፋ? ታሟል እንዴ?»

ቆሽቴ አርሮ ስለነበር ምንም ሳላስቀር ዘረገፍኩት። ዋይፋዩን፣ ሽንኩርቱን፣ ሮማኒያን፣ ሁሉን። «እርስዎን ፈርቶ ነው!» አልኳቸው፣ በሁለት እጄ ወገቤን ይዤ። አከራያችን ነጠላቸውን አስተካክለው ደጃፉ ላይ ተቀመጡ።

«የእኔ ልጅ ምን ያያል? ስልኩን እንኳ ስንቴ ነው የሚረሳው! ኳስ እያያችሁ መስመሩን አደከማችሁበት፤ ሊያስፈራራችሁ ነው እንጂ።»

«ታዲያ ገንዘብ እንዳለን አያውቁም ነበር?»

«እሱማ መቼ ጠፋኝ? ጎመን ብቻ በሚበላ ሰው ደጅ ድመት አይሰለፍም፣ ልጄ» አሉና ተነሱ። ሁለት እርምጃ ሄደው ዞር አሉ። «በርቱ፣ እግዜር ይተካዋል። ለማንኛውም ከመስከረም ጀምሮ ኪራዩን ትንሽ ትጨምራላችሁ።»

የስፌት መኪናው ለሌላ ሰው ተሸጠ፤ ጨርቅ ነጋዴው ይጠብቁን ዘንድ ምን ዕዳ አለባቸው። እኔ በሳምንቱ ሰኞ ጠዋት የፈረቃ ኃላፊዬ ጋ ሄጄ፣ አልለቅም፣ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ አልኳት። አሳዘንኳት መሰለኝ፣ ዓይኔን አላየችኝም።

«ሽመና ክፍል በአንቺ ቦታ ሰው ተቀጥሯል» አለችኝ። «ጥጥ መበጠሪያው ላይ ግን ሰው ጎድሎናል።»

ጥጥ መበጠሪያው ማለት ጥጡ ከእስሩ ተፈትቶ የሚራገፍበት ክፍል ነው። የሽመና ክፍሉ ብናኝ ከየት እንደሚመጣ ለሚጠይቅ ሰው መልሱ እዚያ ነው ያለው። ሐኪሟ ብትሰማ ምን እንደምትል አውቃለሁ፤ ስለዚህ አልነገርኳትም። እቤት ገብቼ ለባለቤቴ ስነግረው አለቀሰ። እኔ አላለቀስኩም፤ በጣም ተናድጄ ነበር። ገንዘቡ አይደለም ያንገበገበኝ። ትንፋሼን ነው አስይዞ የተበላው።

እዚያ ክፍል ሻሽና ጭምብል አድርገን እንሠራለን። ከሻሹ ያመለጠው ፀጉራችንም ቅንድባችንም ይነጣል። ማን ወጣት፣ ማን አሮጊት እንደሆነ አይለይም። ባለቤቴ ሲመኘው የኖረው መደበቅ በነፃ የሚገኘው እዚያ ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት የጠዋቱ ፈረቃ ሲወጣ በሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ቦርሳዬን ሊይዝልኝ ነው የመጣው። ሁላችንም ሻሻችንን እንዳሰርን፣ ጭምብላችንን ሳናወልቅ፣ ነጭ ሆነን ተግተልትለን ወጣን። ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ፣ አለፈኝም፣ ከኋላዬ ያሉትን ሴቶች ይፈልግ ጀመር። እኔም ልጠራው አፌን ስከፍት ያ ሳል ያዘኝ። ጎንበስ ብዬ፣ ግንቡን ተደግፌ ሳልኩ። ባለቤቴ ዞር አለ፤ ፊቴን ሳያይ፣ በሳሌ ለይቶኝ እየሮጠ መጣ።