ያልረጋው እርጎ

ቅዳሜ ጠዋት ካልሆነ በስተቀር በሬን የሚያንኳኳ ሰው የለም። ቅዳሜ እርጎ ይመጣል።

የምኖረው አፍንጮ በር፣ አንድ አሮጌ ግቢ ውስጥ ነው። ድሮ በሰው የተሞላ ነበር፤ አሁን የቀረነው እኔና ጓሮ ሁለት ላሞች የሚያረቡ አንዲት ባልቴት ነን። እማማ እላቸዋለሁ። እሳቸው ጋዜጠኛው ይሉኛል፤ ሥራዬም እሱ ነው። ፒያሳ ሲፈርስ ደንበኞቻቸው በየኮንዶሚኒየሙ ተበትነዋል። ውቤ በረሃ ያለ አንድ ቁርስ ቤት ብቻ እስካሁን አይብ ይወስድላቸዋል። ለእኔ የሚያመጡትን እርጎ ግን “ተርፎኝ ነው” ብለው በቆርቆሮ ኩባያ ይሰጡኛል። በር ላይ ቆመን ጥቂት እናወራለን። በሳምንቱ ውስጥ ከሥራ ውጭ የማወራው ይህንኑ ነው።

አንድ ቅዳሜ ባዶ እጃቸውን መጡ።

“ወተቱ እምቢ አለኝ።”

“እንዴት እምቢ አለ?”

“አልረጋም ነዋ! ውሃ መስሎ ቁጭ። ዕቃውን አጥቤ በወይራ ደግሜ አጠንኩት፤ ያው ነው። ዓይን ነው ይሄ።”

“ማን ያይብዎታል እማማ? ግቢው ውስጥ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ።”

“እንግዲያው ቡዳው አንተ ነሃ!”

ሳቅን። ከዚያ በልማዴ ጥያቄ ጀመርኩ።

“ከላሞቹ አንዷ ታማ ነበር?”

“የምትታለበዋ፣ ጡቷ አብጦ ነበር። የከብት ሐኪሙ መርፌ ወጋልኝ፤ ዳነች።”

“ስለ ወተቱስ ምን አለዎት?”

“ለጥቂት ቀን አይሽጡ አለኝ። አልሸጥኩማ! ጥሬውን አንድ ኩባያ አልሸጥኩም። አርግቼ አይብ ላውጣው ብዬ ነው። አይብ እሳት ላይ አይደል የሚወጣው? እሳት የማያጸዳው ምን አለ?”

በዚያ ሰሞን ስለ ወተት ዘገባ እያዘጋጀሁ ነበር። አንዲት የላብራቶሪ ባለሙያ እንዳስረዳችኝ፣ ላሟ የተወጋችው አንቲባዮቲክ ወተቱ ውስጥ ይገባል፤ በማፍላትም አይጠፋም። ወተቱን የሚያረጉትን ደህና ባክቴሪያዎች ስለሚያዳክማቸው እርጎው ውሃ እንደመሰለ ይቀራል። በሽታ አምጪዎቹ ደግሞ መድኃኒቱን በትንሽ በትንሹ እያገኙ ይለማመዱታል፤ ሰው ሲታመም ያው መድኃኒት አይሠራም። ባለፈው ክረምት እኔም ታምሜ የመጀመሪያው መድኃኒት አልሠራልኝም ነበር። ከእማማ እርጎ የመጣ ነው ማለት አልችልም፤ ማስረጃ የለኝም። ያኔ ተኝቼ ሳለ በሬን ያንኳኩት እሳቸው ብቻ እንደነበሩ ግን አውቃለሁ።

ብናገር ቅዳሜዬ ሊቀር ይችላል። ዝም ብል፣ ወተቱ ጥቂት እንደረጋላቸው አይቡ ውቤ በረሃ ወርዶ ሰው ይበላዋል። ነገርኳቸው።

ፊታቸው ተለወጠ።

“ጋዜጣ ላይ ልታወጣኝ ነው?”

“ስምዎን አልጽፍም።”

“ስሜንማ ማን ያውቀዋል? የሚያውቀኝ ሰው ቀርቷል?”

ሐኪሙ ያላቸው ቀን እስኪያልፍ ወተቱን እንዲደፉት፣ ከዚያ በኋላም ሌላው ጀርም እንዲሞት አፍልተውና አቀዝቅዘው የደህና እርጎ እርሾ እንዲጨምሩበት ለመንኳቸው።

“የፈላ ወተት እርጎ? የከተማ ሰው ነገር!”

“እርስዎስ ያሉት ገጠር ነው እንዴ?”

አልሳቁም። “ሲረጋ አመጣለሁ። እስከዚያ አትጠብቀኝ” ብለው ወደ ጓሮ ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ከታለበ በኋላ ወተቱ ቦይ ውስጥ ሲደፋ ከአልጋዬ ላይ እሰማ ነበር። ከጓሮ እስከ በሬ ድረስ ያለውን ጸጥታ የሚሰብር ሌላ ድምፅ አልነበረም። አምነውኛል ማለት ነው አልኩ። ድምፁ ግን ደስ አላሰኘኝም። ግቢ ውስጥ ስንገናኝ “ደህና አደርክ” ብለው ያልፋሉ። ቅዳሜ መጣ፤ ማንም አላንኳኳም። ዘገባውን ጽፌ ጨረስኩ፤ ስለ እሳቸው አንድም መስመር አላስገባሁበትም።

አንድ ጠዋት የቦዩ ድምፅ ቀረ። የሐኪሙ ቀን አልፎ ይሁን መድፋቱ ሰልችቷቸው አላወቅሁም። ሄጄ መጠየቅ እችል ነበር። ጥያቄ ሥራዬ ሆኖ ሳለ የእሳቸውን በር ለማንኳኳት ግን አቅም አጣሁ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ በሬ ተንኳኳ። እማማ ኩባያውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል።

“ዘንበል አድርገህ እየው።”

ዘንበል አደረግሁት። አልተንቀሳቀሰም።

“አፍልቼዋለሁ” አሉ። “መድኃኒቱም ወጥቷል፤ ሐኪሙን ጠይቄያለሁ። ጣዕሙ ግን ሄዷል። እሱን አንተ ነህ ያጠፋኸው።”

“ይግቡ፣ አብረን እንቅመሰው።”

“ላሞቹን ማን ሊያይልኝ?” ብለው ተመለሱ።

በሩን ክፍት ትቼ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጥኩና እርጎውን እስከ ኩባያው ታች በላሁት። ልክ ናቸው፤ የድሮው ጣዕም የለውም። ኩባያውን አጥቤ ደረቴ ላይ እንደያዝኩ ጓሮ ድረስ ሄድኩና በራቸውን አንኳኳሁ።

“ማነው?” አሉ ከውስጥ፣ ማንም እንደማይመጣበት ሰው ደንግጠው።