ቁርበት ላይ የተዘረጋው ሞተር

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ ባጃጁን ግቢ ውስጥ አቁሞ ሞተሩን ፈታታው። ቡሎኑን ደጃፍ ላይ፣ ዳዶውን የልብስ ማጠቢያ ሳፋዬ ውስጥ፣ የቀረውን ደግሞ እንደ ተበተነ ጥሬ እዚህም እዚያም ጥሎ ስልክ ያወራል። አላስቻለኝም። «አንተ ልጅ፣ በወጣበት ቅደም ተከተል ደርድረው፤ ኋላ ማን ከማን እንደሚገጥም ይጠፋሃል» አልኩት። ሳቀብኝ። «እማማ ደግሞ! አንቺ ሞተር የት ታውቂያለሽ?» አለኝ። ወደ ቤት ገባሁና አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

ሞተርስ አውቃለሁ። በንጉሡ ጊዜ፣ እስቴ መካነ ኢየሱስ፣ የስድስተኛ ክፍል ፈተና ወስጄ ውጤት በምጠብቅበት ክረምት፣ የአባቴን መኪና ሞተር ከነአንጀቱ አውቀው ነበር።

አባቴ እህል ነጋዴ ነበር። ከጣሊያን የቀረች አንዲት አሮጌ የጭነት መኪና ነበረችው። በልጅነቱ ለአንድ ጣሊያን ሾፌር ረዳት ሆኖ ስለሠራ፣ በመኪና ነገር የሚረታው ያለ አይመስለውም። ሰኔ መገባደጃ ላይ ደብረ ታቦር ገብስና ባቄላ አራግፎ ሲመለስ ዳገት ላይ ሞተሩ ፈላበት፤ ከዚያም እየተንቋቋ ቆመ። በበሬ አስጎትቶ ግቢ አስገባት። ያን ጊዜ መንገዱ የበጋ ብቻ ነው፤ ሐምሌ ከገባ ጭቃው በቅሎ ይውጣል። ስለዚህ አባባ ጊዜ ሞልቶት ነበር፤ መካኒክ ግን የለም።

«እኛው እንፈታታታለን፣ እኛው እንገጥማታለን» አለ። እኛ ያለው እኔንና ራሱን ነው። ወንድ ልጅ አልነበረውም፤ ዓይኑም ደቃቅ ነገር መለየት እምቢ ካለው ቆይቷል።

እኔ ደስታዬን አልቻልኩትም። ከስድስተኛ በላይ መማር የፈለገ ደብረ ታቦር መውረድ ነበረበት፣ አባባ ደግሞ ቃል ገብቶልኛል። «ስመኝ፣ ይች መኪና ትነሳ እንጂ፣ በመስከረም እኔ ራሴ ጭኜ አደርስሻለሁ። አክስትሽ ቤት ተቀምጠሽ ትማሪያለሽ» ብሎኛል። አስተማሪ መሆን ነበር የምመኘው። ጠመኔ ይዤ ሰሌዳ ፊት ስቆም፣ ልጆቹ ብድግ ብለው እጅ ሲነሱኝ በሐሳቤ አይ ነበር። እያንዳንዱን ብረት የፈታሁት ወደዚያ የሚያደርሰኝ መስሎኝ ነው።

ሞተሩ እህል ከምናስቀምጥበት ክፍል በሰፊ የበሬ ቁርበት ላይ ተዘረጋ። አባባ ይፈታል፣ እኔ በላምባ አጥቤ አስቀምጣለሁ። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል፣ ጉሙ እስከ በሩ ይገባል። የእጄ ላምባ በሳሙናም በአመድም አልለቅ ብሎ፣ የምበላው ንፍሮና ቆሎ ሁሉ ላምባ ላምባ ይለኝ ነበር። እናቴ «ሽሮዬን አበላሻችሁት» እያለች ታማርራለች። የጎረቤት ሴቶችም አልቀሩም፦ «ላምባ የምትሸት ልጅ ማን ያገባታል?» ይሉኛል። እኔ በሆዴ ደስ ይለኝ ነበር።

ስንገጥም ግን ነገሩ ከበደ። አራቱን ፒስተኖች አስገብተን፣ ከታች ካለው ዘንግ ጋር የሚያያይዟቸውን ማቀፊያ ብረቶች አጥብቀን፣ አባባ በማኖቤላ፣ በእጅ ማዞሪያው ብረት፣ ሊያዞረው ቢታገል ዘንጉ ንቅንቅ አልል አለ። ፈታን። ደግመን ገጠምን። እምቢ አለ። አባባ ላቡን እየጠረገ «አልቆላታል በቃ» ብሎ ጆንያ ላይ ተቀመጠ። እኔ ከብረቶቹ አንዱን አንስቼ ጥቀርሻውን በጨርቅ ስፈትግ ጎኑ ላይ የተመታ ቁጥር ብቅ አለ። ሌላውንም ስፈትግ ሌላ ቁጥር። ለካስ እያንዳንዱ ያንኑ ቁጥር የያዘ የራሱ ጓደኛ አለው፤ እኛ አንዱን ከሌላው አጋብተናቸው ኖሯል። እያነበብኩ አቀበልኩት፣ እሱ ገጠመ። ማኖቤላው ለስለስ ብሎ ዞረ። አባባ ፊደል አልቆጠረም፤ ቁጥሮቹን በጣቱ እየዳበሰ «ትምህርት እንዲህ ነው ለካ!» አለኝና ግንባሬን ሳመኝ። እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም፤ ያ የሳመኝ አፍ ቃሉን የሚያጥፍ ሰው አፍ እንዳልነበረም ዛሬም እመሰክራለሁ።

የቀረው የሞተሩን የላይ ክዳን፣ ቴስታታውን፣ መግጠም ነበር። ከሥሩ የሚነጠፈው ስስ ነገር፣ መካኒኮች ጓርኒሲዮን የሚሉት፣ ነዶ አልቋል። አባባ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የላም ቆዳ በልኩ ቆርጦ፣ በኑግ ዘይት አርሶ አነጠፈው። ክፍሉ ድረስ ቤንዚን አምጥተን ሞተሩን ስንሞክረው ሁለት ጊዜ አስነጠሰና ቆዳው መጠበስ ጀመረ። ጊዜው ደግሞ ፍልሰታ ነው! የጥብስ ሽታ ከቤታችን ወጥቶ ሰፈሩን አዳረሰው። ብዙ ሳይቆይ የንስሐ አባታችን መቋሚያቸውን ይዘው በጭቃው መጡ።

«አቶ ቢያድግልኝ፣ ምነው በእመቤታችን ጾም?» አሉ በሩ ላይ ቆመው።

«አባቴ፣ ይግቡና ይዩ፤ የምትበላው መኪናዋ ናት» አለ አባባ።

ገብተው አዩና ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ወጡ። እኛም ሳቅን። በዚያ ቤት ለመጨረሻ ጊዜ ከልቤ የሳቅሁት ያን ቀን ነው።

ከዚያ አባባ ደብረ ታቦር አቶ ፈንታሁን ዘንድ መልእክት ላከ። አቶ ፈንታሁን ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ ጠና ያሉ ነጋዴ ነበሩ፤ እንደ እኛዋ ያለች መኪናም ዕቃዋም ነበራቸው። ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ከሁለት ሽማግሎች ጋር በበቅሎ መጡ። ጓርኒሲዮኗ በጨርቅ ተጠቅልላ ኮርቻቸው ላይ ታስራለች። ሳያት እየሮጥኩ ወጥቼ በቅሏቸውን ያዝኩ፣ ጉልበታቸውን ሳምኩ። «ተባረኪ፤ እጅሽ የተባረከ መሆኑን ሰምቻለሁ» አሉኝ። ሽማግሎቹ የመጡት መንገዱ አስፈሪ ስለሆነ ለአጀብ መስሎኝ እግራቸውን አጠብኩ። ጓዳ ሆኜ፣ ስለ ሞተሩ የሚነጋገሩ መስሎኝ፣ ድምፃቸውን ሰማሁ እንጂ ቃላቸውን አልሰማሁም።

መስከረም ጠብቶ፣ አደይ ፈክቶ፣ የገብስ እሸት ሲደርስ ሞተሩ ተነሳ። ሰፈሩ እልል አለ። እኔ በዚያው ቀን ልብሴን አጥቤ አሰጣሁ። ማታ እናቴ አጠገቤ ተቀመጠችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አድርጋ «ልብሱን ተይው፤ ለአቶ ፈንታሁን ሰጥተውሻል» አለችኝ።

አባባ ዘንድ ሄድኩ። «ለጓርኒሲዮኗ ገንዘብ ብሰጠው እምቢ አለ» አለኝ፤ «ዝምድና ነው የምሻው አለ። እንዲህ ላከበረኝ ሰው ምን ብዬ ልመልስ?»

«ትምህርቴስ?»

«ቁጥር አንብበሽ ሞተር አስነሳሽ። ከዚህ በላይ ማንበብ ምን ያደርግልሻል?»

አልጮኸብኝም። እንደ ምርቃት አድርጎ ነው ያለኝ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝም እሱ ነው፤ ቢቆጣኝ ኖሮ ቢያንስ እንደበደለኝ ያውቃል እል ነበር።

በጥር ተዳርኩ። የሙሽራ አባት ልጁን ራሱ አድርሶ አያውቅም፤ አባባ ግን መሪውን ለማንም አልሰጥ አለ። ሙሽራ በመኪና ስትሄድ በአገሩ ታይቶ አያውቅምና ሕዝቡ በየመንገዱ ወጥቶ አየን። ሞተሩ እንደ ሰዓት ይሠራ ነበር። ደብረ ታቦር ስንቃረብ አባባ ወደ እኔ ዞር ብሎ፣ ፊቱ እየበራ፣ «ይኸው፣ እኔ ራሴ አደርስሻለሁ ብዬሽ አልነበር?» አለኝ። ሊያፌዝብኝ አልነበረም። የምሩን ነው።

የአቶ ፈንታሁን ቤት ከትምህርት ቤቱ ብዙ አይርቅም። ጠዋት ጠዋት ደወሉ ይሰማኝ ነበር። አቶ ፈንታሁን ክፉ ሰው አልነበሩም፣ አልመቱኝም፣ አላስራቡኝም፤ ልማር ብላቸው ግን «ሰው ምን ይለኛል» አሉ፣ አበቃ። መኪናዋ ጥቂት ዓመት ሠርታ ጉና ተራራ ሥር ዝጋ ቀረች። እኔ ከአቶ ፈንታሁን ጋር እስኪያረጁ፣ እስኪሞቱም ኖርኩ። የአባባ ለቅሶ ላይ ሰው ሁሉ «ሞተር በገዛ እጁ ገጥሞ ያስነሳ» እያለ ሲያሞግሰው ነጠላዬን ተከናንቤ አዳመጥኩ።

ቅዳሜ ማታ ልጁ ገብቶ «እማማ፣ አንድ ዳዶ ጠፋኝ» አለኝ። ወጥቼ ሳፋው ውስጥ አገኘሁለት፤ አጠገቡ ተቀምጬም የቀረውን በተራ በተራ አቀበልኩት። ባጃጁ ሲነሳ አቀፈኝ። «ማን አስተማረሽ?» አለኝ። «አባቴ» አልኩት። ስለ ቀረው አልነገርኩትም። አያቱን አቶ ፈንታሁንን ይወዳቸው ነበር፤ ፎቷቸውን ባጃጁ ውስጥ ለጥፏል። ያች ስስ ንጣፍ በበቅሎ ተጭና ባትመጣ ኖሮ እሱም አይወለድም ነበር። የመጣችበትን ቀን ስረግም እሱን አብሬ የረገምኩ እየመሰለኝ ዝም እላለሁ። ዝም አልኩ እንጂ ይቅር አላልኩም።