ሚጥሚጣ የለመዱ ውሾች

ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ጋምቤላ ክልል በሆነች ሰሞን ቢሮው ብዙ፣ ወንበሩ ጥቂት ነበርና ከአንድ የእንስሳት እርባታ ባለሙያ ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተጋፍተን እንቀመጥ ነበር። ሁለቱን ውሾቼን የበቆሎ ገንፎ እንደማበላ ስነግረው መርዝ የምሰጣቸው ይመስል አፈጠጠብኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ ውሻ እኮ በተፈጥሮው ጥሬ በል ነው! ሥጋውን፣ ጉበቱን፣ አጥንቱን ስጠው። እንቁላልም ከነቅርፊቱ!»

እኔ ሞኙ አመንኩት። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ከሥራ ስመለስ ደጄ ላይ የሚጠብቁኝ እነዚያ ውሾች ብቻ ነበሩ፤ ዕድሜያቸው ይርዘምልኝ ብዬ ነው። ከሥጋ ቤት ሳንባና ጉበት እያመጣሁ በገዛ እጄ እከትፍላቸው ጀመር። ግን የደጋ ሰው አይደለሁ? ጥሬ ሥጋ ያለ ሚጥሚጣ ማቅረብ እጄ እምቢ አለኝ። ሆዳቸውን እንዳይቆርጣቸው ብዬ ቆንጠር አድርጌ ነሰነስኩበት። የመጀመሪያ ቀን አስነጠሳቸው። በሳምንቱ ሳህኑን ይልሱ ነበር። ፀጉራቸው ሲያብረቀርቅ ሰፈራችንን ኒውላንድን ሁሉ እየዞርኩ የውሻ ሐኪም ሆንኩ።

አንድ ጠዋት ጎረቤቴ ባዶ ቅርጫት ይዛ መጣች። የአገሩ ተወላጅ ናት፤ በክሊኒክ ድሬሰር፣ በቤተ ክርስቲያኗ ደግሞ ዘማሪ።

«ጋሼ፣ ውሾችህ ዶሮዬ የታቀፈችውን እንቁላል በሙሉ በሉት።»

«የእኔ ውሾች? የእኔ ውሾች ጨዋ ናቸው!»

«ታዲያ አፋቸው ላይ ያለው ምንድን ነው?»

ቅርፊት ነበር።

«የሰፈሩን ሽማግሌዎች አነጋግሬያለሁ» አለች። «አንድ እንቁላል ደግሞ ከጠፋ ውሾቹ ከዚህ ሰፈር ይወጣሉ።»

ተንጨርጭሬ ወደ ባለሙያው ሮጥኩ። ምንም አልደነገጠም። «ቀላል ነው። እንቁላሉን ብሳውና ሚጥሚጣ ሙላበት። አንዴ ከቀመሱት ዞር ብለው አያዩትም» አለኝ። ሚጥሚጣ እየነሰነስኩ እንደማበላቸው አልነገርኩትም። እውነቱን ለመናገር፣ እኔም ትዝ አላለኝም።

ጎረቤቴን ምስክር ጠርቼ ሁለት እንቁላል አስቀመጥኩ። ውሾቼ ዋጥ አደረጉና ከንፈራቸውን ልሰው «ሌላስ?» በሚል ዓይን አዩኝ። ሴትዮዋ አጥሩን ይዛ እስክትንበረከክ ሳቀች።

«ጋሼ፣ ምሳቸውን እኮ ነው የሰጠሃቸው!»

ባለሙያውን ሰደብኩ፣ ውሾቹን ሰደብኩ፣ ሚጥሚጣ የፈጨችውን ሴት ሰደብኩ። ራሴን ብቻ ረሳሁ።

«ውሾቹን ስጠኝ፤ አመላቸውን አስትቼ እመልስልሃለሁ» አለች፤ ከማስባረር ይሻላል ብዬ ሰጠኋት። በዓሣ መረቅ ገንፎ እየሠራች አዲስ እንቁላል ካሳቀፈቻት ዶሮ አጠገብ አስቀምጣ በእጇ አበላቻቸው። አፍንጫቸውን ወደ እንቁላሉ ሲዘረጉ «ተው!» ትላለች፤ ሲተዉት ታጎርሳለች። ሌላ ምንም የለም፤ ሥልጠና የለ፣ አግዳሚ የለ! በወሩ ጫጩቶቹ በውሾቼ ጀርባ ላይ ይሄዱ ነበር።

ገመድ ይዤ ልወስዳቸው ሄድኩ። እየዘለሉ ተቀበሉኝ፣ እጄን አሸተቱ፣ ከዚያ ተመልሰው ጫጩቶቹ መሀል ተኙ። ጠራኋቸው። ጅራታቸውን ቆሉ እንጂ አልተነሱም።

«ውሰዳቸው እንጂ፣ ያንተ ናቸው» አለች፤ አሁን አልሳቀችም።

«አልፈልግም!» ብዬ ጮህኩባት። እፈልግ ነበር።

ገመዱን እጇ ላይ ጥዬ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ በአጥሩ በኩል ሳልፍ ሰላም አልላቸውም። ውሸቴን ነው፤ እላቸዋለሁ፣ ሰው ሳያየኝ።