ትከሻ ለትከሻ የቆሙ ወንጭፈኞች

ባለፈው ሳምንት ላሊበላ ወርጄ ታላቅ ወንድሜ ሞገስ ከከፈተው ጌም ቤት በር ላይ ስደርስ፣ ከውስጥ ዥው ዥው የሚል የወንጭፍ ድምፅ ሰምቼ የጠፋው ግራ ዓይኔ ነዘረኝ።

ልጆች ሳለን ሙጃ አጠገብ ባለው ማሳችን፣ መስከረም ጠብቶ ገብሱ ሲያሸት ጭላዳ ዝንጀሮ ከገደሉ እየወጣ ይጨርሰው ስለነበር፣ አባታችን የቃጫ ወንጭፍ ገምደው ይሰጡንና አራርቀው ያቆሙን ነበር። «ወንጭፈኛ ዙሪያውን ባዶ ይሻል፤ ወርውሮ ይሸሻል፣ ተመልሶ ይወረውራል» ይሉን ነበር። እኔ ታናሽ ብሆንም ያሰብኩትን አልስትም ነበር፤ ሞገስ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ገደሉንም ይስተው ነበር።

ኅዳር ላይ አዝመራው ገብቶ ማሳው ባዶ ሲሆን፣ ከወንዙ ማዶ ካሉት ልጆች ጋር በደረቀ የጭቃ ድቡልቡል ጦርነት እንጫወት ነበር። አንድ ዓመት ሞገስ ከታሪክ መጽሐፍ ላይ ሥዕል አይቶ መጣና «የጥንት ወታደር ትከሻ ለትከሻ ነው የሚቆመው፣ ተጠጋጉ!» ብሎ አሰለፈን።

«ኧረ ማዞሪያ ቦታ የለንም!» አልኩት።

«ዝም በይ! አንቺ ስለ ጦርነት ምን ታውቂያለሽ?»

ከጎኔ ቆሞ ወንጭፉን ሲያሽከረክር ድቡልቡሉ አምልጦት ዓይኔን አፈረጠው። አባታችን ሮጠው ሲመጡ «የማዶዎቹ ናቸው!» ብሎ ጮኸ፤ ከዚያ ጆሮዬ ሥር «ለአባባ ከነገርሽ ይገድሉኛል» ብሎ ሲያለቅስብኝ፣ እኔ ሞኟ አዘንኩለት። አባታችን ከማዶዎቹ ጋር ለዓመታት ጽዋ የጠጡበትን ማኅበር ጥለው ወጡ፣ ከእነሱ ጋር ሰላምታ እንኳ ሳይለዋወጡ ሞቱ። ለዚህ ዝምታዬ ራሴን ይቅር አልልም።

እና ባለፈው ሳምንት ጌም ቤቱ ስገባ ስክሪኑ ላይ ምን ባይ ጥሩ ነው? የጦርነት ጌሙ ወንጭፈኞች እንደ አጥር እንጨት ተጠጋግተው ቆመው ያሽከረክራሉ፣ ሞገስ ደግሞ ለደንበኞቹ «ይሄ ፈጠራ አይደለም፣ የጥንቱን ጦርነት አጥንተው ነው የሠሩት» ይላል።

«እንዲህ የቆመ ወንጭፈኛ የወገኑን ዓይን ነው የሚያጠፋው፤ አንተ ታውቀው የለ?» አልኩት።

ሞገስ ፊቱን ሳያዞር፣ «አንቺን የመቱሽ እኮ የማዶዎቹ ናቸው» አለ።

ያኔ የዋሸው አባታችንን ፈርቶ ነው እያልኩ ስምረው ኖሬያለሁ። አሁን አባታችን አፈር ከለበሱ ስንት ዘመናቸው።