ሰባት ቤት የቆጠሩት ሽማግሌ

በዚያን ጊዜ እስራኤል ውስጥ ያቭነ ከተማ እየኖርኩ በአንድ ላቦራቶሪ ለሁለተኛ ዲግሪ እማር ነበር። የማጠናው ቲ ሴል የሚባሉትን በሽታ ተከላካይ ሴሎች ነው። የሚያድጉት ከደረት አጥንት ኋላ ባለች እጢ ውስጥ ነው። እዚያ እያንዳንዱ ሴል መልእክት ይጠብቃል፤ የበዛበት ይሞታል፣ ያልደረሰውም ይሞታል፣ በልኩ ያገኘው ብቻ ይተርፋል። መልእክቱን ተቀብለው ወደ ውስጥ የሚያደርሱ ፕሮቲኖች አሉ፤ እኔ ከእነሱ አንዱን በአይጥ ላይ እመረምር ነበር።

ቂርያት መላኪ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ሕፃን ልጇ ሳንባው ታሞ አልድን አለ። ሐኪሞቹ ከነዚያ ፕሮቲኖች አንዱ እንደሚጎድለው ደረሱበት። ወላጆቹ በዕብራይስጥ የተነገራቸው ስላልገባቸው እንዳስረዳቸው ጠሩኝ። ደስ ብሎኝ ሄድኩ። ሕፃን ታሞ ሳለ እኔ እውቀቴ የሚታይበት ቀን መጣልኝ ብዬ ነበር።

እናቱ፣ አባቱና የአባቱ አባት ተቀምጠው ሰሙኝ። ስጨርስ ሽማግሌው ከየት እንደመጣበት ጠየቁኝ። አላመነታሁም።

"ወላጆቹ ዘመዳሞች ሲሆኑ ነው የሚመጣው" አልኩ።

ከዚያ ሽማግሌው ቀስ ብለው "እኔ ሰባት ቤት ቆጥሬ ነው የዳርኳቸው" አሉ። አባትየው ቤኤር ቱቪያ ባለው መጋዘን ፈረቃ አለብኝ ብሎ ወጣ፤ የአክስቴ ልጅ ዓይኗን ከወለሉ አላነሳችም።

በሳምንቱ ደወለችልኝ። ባሏ ቤት የእሷን ዘር እንደ አዲስ እያጠያየቁ ነበር፤ የተደበቀ ዝምድና አለ ተብሎ። ጭንቅ ሲለኝ የሕፃኑን ሐኪም ጠየቅኩ። እናቱና አባቱ ለልጁ ያወረሱት ጉድለት የተለያየ ነው፣ ዝምድና የለበትም አለችኝ። ባዕዳን ሰዎችም እንዲህ ያለውን ጉድለት ሳያውቁት እንደሚሸከሙት እኮ የመጀመሪያ ዓመት ትምህርቴ ነበር።

አርብ ጠዋት ተመልሼ ሄድኩ። ሁሉም ባሉበት መሳሳቴን ተናግሬ የሽማግሌውን ጉልበት ሳምኩ። አልተቆጡም። ከትከሻዬ ይዘው አነሱኝና፣

"የተማርሽ ነሽ ብለን እኮ ነው ያመንንሽ ልጄ" አሉኝ።

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ስመለስ እስከ ጌዴራ ከተማ ድረስ አውቶቡስ ውስጥ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ሄድኩ።

ሕፃኑ ከታላቅ እህቱ የአጥንት መቅኒ ተሰጥቶት ከወራት በኋላ ዳነ። ከሆስፒታል በተመለሰበት ቀን ጠርተውኝ አብሬ በላሁ። የአክስቴ ልጅ እንደ ድሮዋ አቀፈችኝ፣ ሕፃኑንም ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። አማቷ ቤት ያን ሳምንት ምን ምን እንዳሏት ግን እስካሁን አልነገረችኝም፤ እኔም ለመጠየቅ አፍ የለኝም።