ሙሪየል ታፕስኮት በተሳሳተ በር

ሙሪየል ታፕስኮት ሬጂን ያገባችው በዝናብ ምክንያት ነው ይባላል። ሰውየው ላግባሽ ሲላት ጃንጥላውን ለእሷ ሰጥቶ ራሱ ይበሰብስ ስለነበር፣ "ላስብበት" ብሎ ማቆየት ነውር መሰላት። እሺ አለች። ሬጂ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን በሚኖሩበት በዊክልፎርድ ይህን ታሪክ የማያውቅ የለም፣ ራሱ ሬጂም ጭምር። ሌላ ጊዜ ደግሞ ፀጉር ቤት የሰው ካፖርት ሲያለብሷት፣ ያለበሰቻት ልጅ እንዳታፍር ብላ ዝም ብላ ወጣች። ብርዱን በሙሉ በሰው ካፖርት ከረመች። የእሷን ለብሳ የምትዞረውን ሴትዮ ገበያ ላይ ስታገኛትም "እንዴት ያምርብሻል!" ብላ ነበር የምታልፋት።

የታሪክ ወዳጆች ማኅበር የጉዞ ኃላፊ የሆነችው እንግዲህ ይህቺ ሴት ናት። በምርጫው ስብሰባ ሌላው ሁሉ ጫማውን ሲያይ እሷ ቀና ብላ ተገኘች። ከዚያ ወዲህ በየበጋው ጡረተኞቹን በአውቶቡስ እየጫነች የድሮ ጌቶችን መኖሪያና የገጠር አብያተ ክርስቲያናትን ታስጎበኛለች። ጉብኝቱ ሥርዓት አለው። መጀመሪያ ሽንት ቤት፣ ቀጥሎ ቤቱ፣ ቀጥሎ ሻይና ኬክ። ኬኩ ደረቅ እንደነበረ የሚወራው አውቶቡስ ውስጥ ነው እንጂ ያቀረበው ሰው ፊት አይደለም።

የዚያ መስከረም ጉዞ ግን በሆዷ ለአንድ ሰው ያሰበችው ነበር፤ ለቤሪል። ቤሪል ጎረቤቷ ናት፤ የጡት ጥርሳቸውን አብረው ነው የነቀሉት። አሁን ዓይኗ ከመሃሉ እየጨለመ ሄዷል። ሐኪሙ "እስከ ገና ድረስ የምታዪውን እዪ" ብሏታል። ሊታይ የሚገባው ነገር ሁሉ ሲነገራት ደግሞ የምትመኘው አንድ ነገር ብቻ ሆነ። እናቷ በወጣትነቷ አሽኮም በሚባለው ትልቅ ቤት የወጥ ቤት ገረድ ነበረች። እዚያ ቤት፣ የአገልጋዮቹ መመገቢያ ግድግዳ ላይ፣ ሠራተኞቹ ሁሉ ደረጃው ላይ ተደርድረው የተነሱት ፎቶግራፍ አለ። ቤሪል የእናቷን የወጣትነት መልክ አይታ አታውቅም። አሽኮም ተሽጦ ሆቴል ሊሆን ነው፤ ያቺ ቅዳሜ ለጎብኚ የሚከፈትባት የመጨረሻዋ ቀን ነበረች።

"እኔ እወስድሻለሁ" አለቻት ሙሪየል።

"ማይልኝ።"

"ልሙት!"

"አትሙቺ፣ ውሰጂኝ ብቻ።"

ሾፌሩ ክላይቭ የብሪስቶል ሰው ነው፤ ሴትን ሁሉ፣ ሰማንያ ያለፋትንም፣ "የኔ ፍቅር" ነው የሚለው። ሁለት የድንጋይ ዓምድ ከነአንበሶቻቸው መንገድ ዳር ሲያይ መሪውን ጠመዘዘ። ሙሪየል የትኬት መቁረጫም ምልክትም አለማየቷ ከነከናት፤ ግን ክላይቭ በኩራት ነበር የታጠፈው።

በሩን የከፈተው ረጅም፣ ከሲታ ሽማግሌ ነው። ክርኑ የተቀደደ ሹራብ ለብሷል፤ እጁ ላይ የእንቁላል ማንኪያ ይዟል። ጎብኚዎቹ ማንም ሳያዛቸው ደጃፉ ላይ ተሰልፈዋል።

"ኦ!" አለ ሽማግሌው። "ኦ፣ አዎ፣ እንዴታ! ግቡ፣ ግቡ። ፌንዊክ እባላለሁ።"

ኋላ ለቄሱ እንደነገረው፣ ሚስቱ በሕይወት ሳለች ለቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ማሠሪያ እያለች ቤቱን በክፍያ ታስጎበኝ ነበርና፣ ቄሱ ቀጥሮለት እሱ የረሳው መስሎት አፈረ። ስለዚህ አልጠየቀም። እንግዶቹም የአሽኮም ጌታ በእጁ በር የከፈተላቸው መስሏቸው ደስ አላቸው። ስለዚህ አልጠየቁም።

ሙሪየል ነገሩ የከነከናት መመገቢያ ክፍሉ ውስጥ ነው። ጠረጴዛው ላይ ግማሹ የተበላ ቅቅል እንቁላል አለ፣ ወንበሩ ላይ የሚደርቅ ካልሲ ተሰጥቷል።

"ይቅርታ፣ ሚስተር ፌንዊክ፣ የአገልጋዮቹ ፎቶግራፍ በየት በኩል ነው?"

"አገልጋይ? ያለችኝ ሚስስ ዶድ ብቻ ናት፤ ሐሙስ ሐሙስ ትመጣለች። ፎቶዋ የለኝም፤ ከፈለጋችሁ ግን ልጠይቅላችሁ።"

ያን ጊዜ የሰው ቤት መግባታቸው ለሁሉም ገባቸው። አንዷ "እንዴት ያለ ውብ መጋረጃ!" አለች። ሌላው "ከየት ተገኝቶ!" አለ። ሁሉም መጋረጃውን ያይ ጀመር።

ክላይቭ በወጥ ቤቱ በር አንገቱን አስግጎ ጠቀሳት። "የኔ ፍቅር፣ አሽኮም እኮ ይሄ አይደለም፣ ከኮረብታው ወዲያ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው። በር የሚዘጉት አሥር ሰዓት ነው፤ ገብቼ ልንገረው?"

"እንዳታደርገው! ሻይ ጥዷል።"

"እና ቢጥድስ?"

"ሻይ ከጣደ ሰው ጋ እንዴት ተብሎ ነው የሚወጣው?"

ክላይቭ ራሱን አከከ። እሱም ያደገው በዚያው ይሉኝታ ነውና ወደ አውቶቡሱ ተመለሰ።

ሻዩ መጣ። ሲኒው አልበቃም፤ የቀረው በማርማላታ ብርጭቆ፣ አንዱም በፈረስ ግልቢያ ሽልማት ዋንጫ ተቀዳ። ሚስተር ፌንዊክ በገለባ የተሞላውን ትልቅ ዓሣውን አሳያቸው፣ የሚስቱን ባርኔጣዎች አንድ በአንድ እያነሳ አሳያቸው። "እሷ ከሄደች ወዲህ ሰው መጥቶ አያውቅም" አለ፣ እየሳቀ። ይህን ባይል ኖሮ ምናልባት ሙሪየል ትደፍር ነበር። ሳይጠሩት አቤት ያለ ሰው፣ እንዲህ ከተቀበሉት በኋላ በምን አፉ ልሂድ ይላል?

ሆኖም ሞከረች። "እንግዲህ አናስቸግርዎ።"

"ኧረ ምን ችግር አለው!"

"ሥራም ይኖርብዎታል።"

"ምንም የለብኝ" አለ፣ ደስ ብሎት።

ቤሪል ክንዷን ያዘቻት። "ስንት ሰዓት ሆነ?"

"ጊዜ አለ።"

"ሙሪየል፣ ንገሪው።"

"እሺ፣ አሁን። ሻዩን ይጨርስ።"

ሻዩን ጨረሰ። ከዚያ የግድ ቤተ ክርስቲያኑን ማየት አለባችሁ አለ፤ ሚስቱ ያረፈችው እዚያ ነው። ቁልፉ ከአበባ ማሰሮ ሥር ጠፋ፣ ተፈለገ፣ ከሰውየው ኪስ ተገኘ። በእርጥብ ሣር ላይ፣ በሽማግሌ እርምጃ፣ ሜዳውን አቋረጡ። ቤተ ክርስቲያኑ ትንሽና ቀዝቃዛ ነበር፤ የሌሊት ወፍ ኩስ ይሸታል። ሙሪየል ከመቃብሩ ድንጋይ አጠገብ ቆማ ጉሮሮዋን ጠረገች። ሚስተር ፌንዊክ ኦርጋኑ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ "እሷ የምትወደውን መዝሙር ትዘምሩልኛላችሁ?" አለ። ሙሪየል ሰዓቱ ደርሷል ልትል አፏን ከፈተች፤ የወጣው መዝሙሩ ነው። ሁሉንም አንቀጽ ዘመሩ። እንባ ያልወጣው ከቤሪል ዓይን ብቻ ነው።

አሽኮም ሲደርሱ፣ ደረቷ ላይ ስሟን የለጠፈች ወይዘሮ የበሩን ሰንሰለት እያዞረች ነበር።

"አዝናለሁ። መግቢያው አሥር ሰዓት ላይ ተዘግቷል።"

ሙሪየል፣ ጓደኛዬ ዓይኗ እየጠፋ ነው፣ እናቷ እዚህ ግድግዳ ላይ ናት፣ ነገ የለም ማለት ትችል ነበር። ቃሉ ምላሷ ላይ ነበር። "ልክ ነዎት" አለች። "ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ስላስቸገርንዎ ይቅርታ።"

ክላይቭ ከመስኮቱ ጮኸ። "አንዲት ሴትዮ ብቻ ናት፣ የኔ ፍቅር! አንድ ፎቶ አይታ ትመለሳለች!"

"ባስገባት ደስ ባለኝ። ግን እሷን ካስገባሁ ሁሉንም ላስገባ ነው።" ወይዘሮዋ አውቶቡሱን አየች። ሁሉም፣ እንዳያስቸግሩ፣ አንገታቸውን ደፉ። ቁልፉ ቀጭ አለ።

መንገዱ ላይ ስለ ኬክ ያወራ ሰው አልነበረም። ቤሪል ለረጅም ጊዜ ወደ መስኮቱ ዞራ ቆየች፤ መስኮቱ ላይ የሚታያት ነገር ይኑር አይኑር እንጃ። በመጨረሻ ዝግ ባለ ድምፅ ተናገረች።

"ያንን ሰውዬ ያወቅሽው ዛሬ ከምሳ በኋላ ነው።"

"ቤሪል..."

"እኔን ጥርሳችን ሳይነቀል ጀምሮ ታውቂኛለሽ። እሱ እንዳይከፋው ፈራሽ። በሩን የዘጋችውም እንዳይከፋት ፈራሽ። እኔ እንዳይከፋኝ ግን አልፈራሽም።"

ሙሪየል መልስ ፈለገች። በሕይወቷ ሙሉ ለማንም የሚሆን ደህና ቃል አጥታ አታውቅም፤ ለመጋረጃ፣ ለደረቅ ኬክ፣ ለሰው ካፖርት። ለዚህ ግን አልነበራትም። ቦርሳዋን ከፈተች፣ ዘጋች፣ እንደገና ከፈተች።

"ከረሜላ ልስጥሽ? ሚንት ነው።"

ቤሪል እጇን ዘረጋች። ጣቶቿ አየሩን ዳሰሱ፣ ከረሜላውን በስንዝር ሳቱት፣ ተመልሰው ዳሰሱ። ሙሪየል እጇን ይዛ መዳፏ ላይ አኖረችላት፤ እጇንም አልለቀቀችም፣ ቤሪልም አልጨበጠችላትም።

"አመሰግናለሁ" አለች ቤሪል። ደግሞም ሌላ ምን ትበል።