ስክሪኑ ላይ የተሰቀለው ሽርጥ

የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋ እትዬ ቋጠሮ ስክሪኑን በጫማ ፈነከተችው ተብሎ ተወራ። ውሸት ነው፤ ጫማዋ ከእግሯ አልወጣም።

እሷ በምትሠራበት ክፍል የጎረቤት ክር ሲበጠስ የራስን ማሽን አቁሞ የተበጠሰውን መቀጠል የቆየ ልማድ ነው። ዘንድሮ በየማሽኑ የተገጠመው ሴንሰር ግን የሚያውቀው የቆመ ማሽን ብቻ ነው። እሷን በቀይ «ሥራ ፈት»፣ ክር የቀጠለችላትን ጎረቤቷን በአረንጓዴ «አንደኛ» ብሎ የግድግዳው ስክሪን ላይ ለጠፋቸው።

«እትዬ፣ ዳታ አይዋሽም» አላት አለቃው። «ከነገ ጀምሮ መጥረጊያ ይያዙ።»

ሽርጧን ፈትታ ስክሪኑ ላይ ሰቀለችበት።

«ዳታህ ዓይኑ ይጥፋ! ለማን ብዬ እንደቆምኩ አንደኛዋ ትንገርህ!»

ጎረቤቷ ማሽኗ ላይ አቀረቀረች።

«ምነው እህቴ፣ አፍሽን ክር ሰፋው?»